የጠላቂው ጓንት

ሰውየው ሲሞት አዳራሹ ሙሉ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። መርማሪዋም አጨብጭባለች፤ ያውም መዳፏ እስኪቀላ።

እህቷ ናት ጎትታ ያመጣቻት። «ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ፤ እንደ ሰው አንድ እሁድ እንኳ ቴአትር አታዪም?» ብላ ጨቅጭቃ፣ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻት። መርማሪዋም ከስንት ዘመን በኋላ ሥራዋን ረስታ አፏን ከፍታ ተመለከተች። ከቀን ሁሉ መርጣ በዚያ ቀን መርሳቷ ነው በኋላ እንቅልፍ የነሳት።

ቴአትሩ የአንድ ሰው ቴአትር ነው። ታሪኩን የማያውቀው የለም፤ አያቶች ሳይቀሩ አንብበውት ልጆቻቸውን ሲያስፈራሩበት የኖሩት የባሕር ውስጥ ታሪክ ነው። አንድ ጠላቂ የሰመጠ መርከብ ሊፈልግ ወደ ባሕር ወለል ይወርዳል። መርከቡ ውስጥ የሞቱት ሰዎች አንድ በአንድ እየነቁ ያናግሩታል። እሱም አየሩ እያለቀበት «ክፈቱልኝ! ክፈቱልኝ!» እያለ፣ የቆቡን መስታወት እየደበደበ እዚያው ይቀራል። ተዋናዩ ጠላቂውንም፣ ሙታኑንም፣ ከላይ ከጀልባው የሚጣሩትንም ሰዎች ብቻውን ነበር የሚጫወተው። ቴአትሩ ከተጀመረ ወዲህ የገዛ ስሙ ቀርቶ ሁሉም «ጠላቂው» ይለው ነበር፤ ሚስቱ ሳትቀር።

የዚያን እሁድ ከሰዓት በኋላም እንደ ወትሮው ጮኸ። ራሱን እስከ አንገቱ የሸፈነውን የመዳብ ቀለም የተቀባ ትልቅ ቆብ ደበደበ። ወለሉን በሸፈነው ነጭ ጭስ ውስጥ ተቀመጠ። የቀኝ እጁን ጓንት እየታገለ አወለቀ፤ ባዶ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። መብራት ጠፋ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። መብራቱ ሲመለስ ጠላቂው ተነሥቶ እጅ አልነሳም። ሰው ይሄም የቴአትሩ አካል መስሎት ይብስ አጨበጨበ። ልብስ አልባሿ ከመድረኩ ቀኝ በኩል ወጥታ፣ ቆቡን ከኋላው ከፍታ፣ ፊቱን ስታይ ነው እሪ ያለችው።

የመርማሪዋ እጆች ገና አየር ላይ ነበሩ።

የፊቱን ደረጃ እየዘለለች መድረኩ ላይ ወጣች። ከአዳራሹ ሌላ የተከተላት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ባለበት ደርቆ ቀርቷል። ጠላቂው አጠገብ ስትንበረከክ፣ አዘጋጁ ከግራው መጋረጃ ኋላ እያለከለከ ብቅ አለ። የመብራት ሠራተኛው ከላይ ከክፍሉ ወርዶ መጨረሻ ደረሰ። የሰውየው ልብ ቆሟል።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዋ ደወለ።

«ሐኪሙ አየር አጥሮት ነው የሞተው ብሏል። ቁስል የለ፣ መርዝ የለ። ቆቡን የምትዘጋበት ያቺ አልባሿ፣ የምትከፍትለትም እሷ። ዘገየች፣ ሞተ። ቸልተኝነት ነው። ይዘሻት ነይና ዛሬውኑ እንዝጋው።»

«አየር የሚያስገባለት ማራገቢያ እኮ እየሠራ ነበር ጌታዬ። እኔው ነኝ ያጠፋሁት። ቱቦውም አልታጠፈም፣ አልተቀደደም። አየር እየገባለት እንዴት አየር አጠረው?»

«አንቺ ደግሞ ከጀመርሽ...»

«ይዣት አልመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«እስኪገባኝ ድረስ አልመጣም።»

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ችኮ» ነው የሚሏት፤ በጀርባዋ ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቷም። አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። «ከሥራ መውጫ በፊት ካልገባሽ ሴትዮዋ እስር ቤት ታድራለች» አላትና ዘጋው።

አልባሿ በልብስ ክፍሏ ውስጥ፣ በተሰቀሉ ካፖርቶችና ቀሚሶች መሀል ተቀምጣ፣ ምንም ያልተቀደደ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። ደረቷ ላይ መርፌ ቁልፎች በመደዳ ተሰክተዋል። የቴአትር ቤቱ ሰው ሁሉ «እታለም» ይላታል። መርማሪዋን ስታይ ሸሚዙን አስቀምጣ ሁለት እጇን አጣምራ ዘረጋች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? እሰሪኝ።»

«እጅሽን ሰብስቢ እታለም። መጀመሪያ ንገሪኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ? መቆለፊያዎቹ ማጅራቱ ላይ ናቸው፤ የራሱ እጅ አይደርስባቸውም። የዘጋሁበት እኔ። ሲሞት ቆሜ ያየሁት እኔ። ሌላ ምን አለ?»

«የት ነበር የቆምሽው?»

«በቀኝ በኩል፣ እንደ ወትሮዬ። ማራገቢያውና የጭሱ ሣጥን በግራ ናቸው። እኔ ወደዚያ አልሻገርም፤ መድረኩን አቋርጬ ተመልካች ፊት ካልታየሁ በቀር መንገድም የለኝ።»

«ጓንቱን ሲያወልቅስ ምን አሰብሽ?»

እታለም ሸሚዙን አነሳች፤ አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «የምን ጓንት?» አለች ቀና ሳትል። «ጭሱ ጋርዶኝ አላየሁም።»

ጭሱ ጠላቂው ተቀምጦ እንኳ ከወገቡ አላለፈም ነበር፤ መርማሪዋ ከሁለተኛው ረድፍ ሆና እያንዳንዱን ጣት አይታለች።

«ያ የሰመጠው ካፒቴንስ?» አለች ነገር ለመቀየር። «የመርከበኞቹ ስም እየጠፋበት ‹አንተ... አንተ ማን ነበርክ?› እያለ የሚንተባተበው። አዳራሹ በሳቅ ነው የፈረሰው።»

«እሱ መጀመሪያ አልነበረበትም። በቅርብ ነው የጨመረው።»

«ማንን አይቶ?»

እታለም ወደ በሩ ገልመጥ አለች። «ተይኝ እህቴ፤ ብዙ ሥራ አለብኝ።» አሁን እሰሪኝ ስትል የነበረችው ሴት ድንገት ሥራ በዛባት።

የመብራት ሠራተኛውን ከመድረኩ በግራ፣ ከጥቁሩ መጋረጃ ኋላ አገኘችው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ነው።

«ጭሱ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ነኝ። እሳት ግን የለኝም» አለ። ቀልዱ ከአፉ ሲወጣ ሞቶ ነው የወጣው። ራሱም አፈረበት።

እግሩ ሥር አንድ ወፍራም ክዳን ያለው ሣጥን ነበር። «ደረቅ በረዶ ነው የምናደርግበት» አላት። «ሙቅ ውሃ ሲፈስበት ያንን ጭስ ይተፋል። በባዶ እጅ ግን አይነካም፤ ቀዝቅዞ ያቃጥላል። በእሱ የቀዘቀዘ ነገርም እንደዚያው ነው። ይኸው።» ጣቱ ላይ ያለ የቆየ ነጭ ጠባሳ አሳያት። አሁን ወፍራም የቆዳ ጓንት ያደርጋል።

ከሣጥኑ አጠገብ ማራገቢያው ተቀምጧል። በአንዱ ቱቦ አየር ይስባል፣ በሌላው ወደ ቆቡ ይገፋል። የሚስብበት ቱቦ ጫፍ ከሰው ቁመት በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። መርማሪዋ ወንበር ላይ ቆማ ጫፉን አወረደችው። የላስቲኩ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ እርጥብ ነው።

«አሮጌ ነው እንዴ?»

«ኧረ አዲስ ነው! ባለፈው ሳምንት ነው የቀየርኩት።» ቀረብ ብሎ አየውና ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሄማ... ብርድ የመታው ላስቲክ ነው።»

«ለምንድነው ከላይ የሰቀልከው?»

«የሣጥኑ ጭስ አየር አይደለማ። ከባድ ነው፤ ወለል ላይ ይተኛል። አዳራሽ ውስጥ ሲበተን ምንም አይልም። ሣጥኑ ውስጥ አንገትዎን አስገብተው ቢተነፍሱት ግን ደረትዎን ያቃጥልዎታል፤ ወዲያው ዓለም ይጨልምብዎታል...» ንግግሩ ተቆረጠ። ምስማሩን አየ፤ ሣጥኑን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ አልነካሁትም! ሙቅ ውሃውን አፍስሼ በኋላው መተላለፊያ ሮጬ ወደ መብራቱ ነው የወጣሁት። በመጨረሻው ክፍል መብራቱ እያንዳንዱ ደቂቃ ይለዋወጣል፤ እጄን ባነሣ አዳራሹ ይጨልማል!»

«አውቃለሁ። ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ጓንቱን ሲያወልቅ አየኸው?»

«የቱን... አላየሁም። ዓይኔ ማብሪያው ላይ ነበር።»

መርማሪዋ ትኩር ብላ አየችው። ጠላቂው ጓንቱን ሲያወልቅ ያ ሰፊ ሰማያዊ ብርሃን ተሰብስቦ፣ ጠብቦ፣ በባዶ እጁ ላይ ብቻ እንዳረፈ ታስታውሳለች። እሷን ያስጨበጨባት እሱ ነው። ዓይኑ ማብሪያው ላይ ብቻ የነበረ ሰው ብርሃኑን በአንድ እጅ ላይ እንዴት ያሳርፋል? ሁለት ሰው ጠየቀች፤ ሁለቱም ስለ አንድ ጓንት ዋሹ። ሁለቱም ሲዋሹ ያፈሩት ግን እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ተቀጣ ልጅ ነው።

አዘጋጁ ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ ከሁሉም ኋላ ያለው ረድፍ ላይ ነበር። ሸበቶ ነው፤ ቴአትር ቤቱ ውስጥ «ጋሼ» የማይለው የለም። ጠላቂውን ከመድረክ ጋር ያስተዋወቀው፣ አረማመድና አተነፋፈስ ያስተማረው እሱ ነው። ግራ እጁን ዘርግቶ ሰላም አላት፤ ቀኙ ኪሱ ውስጥ ነው።

«እንደ ልጄ ነበር» አለ። «እንዲያ ያለ ሞት የትኛው ተዋናይ አገኘ? ሥራው ላይ፣ ሰው ቆሞ እያጨበጨበለት!»

የመርማሪዋ ፊት ነደደ። «የት ነበሩ ጋሼ?»

«እዚሁ። ሁልጊዜ እዚሁ ነኝ። ከኋላ ካላየሁት ቴአትሩ አይታየኝም።» ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ጓንቱን ሲያወልቅ አየሽልኝ? ያንን እኔ አላስተማርኩትም። ከራሱ ያፈለቀው ነው፤ እዚያው መድረክ ላይ። እኔ ራሴ ሳላስበው አጨበጨብኩ።»

«ከዚያ ጩኸቱን ሲሰሙስ?»

«በዚህ በመሀሉ መንገድ ሮጬ ወጣኋ።»

መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። አዘጋጁ ሊነሣ ሲል ወንበሩን ለመደገፍ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ቆዳው ነጥቶ ውሃ ቋጥሯል።

«እጅዎ ምን ሆነ?»

«ሻይ ደፋሁበት።» መልሶ ኪሱ ከተተው። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆም ብሎ አያት። «ይቅርታ ልጄ፤ ከጋዜጣ ነው የመጣሽው ያልሽኝ?»

«ከፖሊስ።»

«አዎ፣ አዎ። ከፖሊስ» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

የጠላቂው ሚስት ቤት በር ላይ የወንድ ጫማ ተቀምጦ ነበር፤ ማን ያንሳው? ሴትዮዋ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ ለእናቷ ትታ መርማሪዋን ወደ መኝታ ቤት አስገባቻት። አልጋው አልተነካም።

«እሁድ ለምን አልሄድሽም?»

«ተጣልተን።» አፍንጫዋን ጠረገች። «በዚያ በካፒቴኑ። ሳቅሽ አንቺም?»

መርማሪዋ ወለሉን አየች።

«ሁሉም ይስቃል። ካፒቴኑ ጋሼ ነው። ጋሼ ነገር እየጠፋበት ነው፤ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሁለቱ ብቻ ሆነው የኔን ባል ፊቱን እያየ ‹አንተ ማን ነበርክ?› አለው። እጁ ላይ ያሳደገውን ልጅ! ከዚያ ነቃና አለቀሰ። ለሰው እንዳትነግርብኝ ብሎ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። የኔውም ማለለት። ሲምልለት ውሎ ሳምንት ሳይሞላ መድረክ ላይ አወጣው። ድምፁን፣ መንተባተቡን፣ ልቅሶውን። ነውር ነው፣ ሽማግሌ አታዋርድ ብዬ ተጣላሁት። ተኮራርፈን ነው የሄደብኝ።»

«ጋሼ ምንም አላለውም?»

«ምን ይበል? ያ የኔ ነው ቢል ማመኑ አይደል? ከሰው ጋር እኩል ቁጭ ብሎ ይስቅ ነበር።» ከዚያ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ላላ። «አንድ ነገር ነው ያጽናናኝ። እንዳልተሠቃየ አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«በጓንቱ ነዋ! አልነገሩሽም? ልምምድ ላይ አንዴ ቆቡ ውስጥ እውነተኛ ማዞር ያዘው። ‹ክፈቱልኝ› ቢል ማን ይስማው? ቃሉ ቴአትሩ ውስጥ አለ። መደብደቡም አለ። ሁሉም ‹ጎበዝ› እያሉ ቆመው አዩት፤ ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ጋሼ ራሱ ዘዴ አመጣ። ‹ጠላቂ ባሕር ውስጥ ጓንት አያወልቅም። ስለዚህ ጓንትህን ካወለቅህ እውነት ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ እታለም ሮጣ ትከፍትልሃለች› አለ። አራቱም ተስማሙ። እታለምን ማምሻውን በስልክ ጠየቅኳት፤ ‹አላወለቀም› አለችኝ። እንግዲህ ሳያውቀው ነው የሄደው። አይደለም እህቴ?»

ያ እጅ የመርማሪዋ ዓይን ላይ መጣ፤ ጣቶቹ የተከፈቱ፣ ብርሃኑ ያረፈበት። አፏን ከፈተች። ሴትዮዋ በዚያ በላላ ፊቷ ስታያት መልሳ ዘጋችው። «ከሰዓት በኋላ ቴአትር ቤት ነይ» አለቻት ብቻ፣ ወጣችም። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ገዳይ ስታሳድድ የኖረች ሴት ከአንዲት መበለት ፊት ሸሽታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ መድረኩ ላይ አምስት ወንበር ተደረደረ። ለጭሱ፣ ለእታለም፣ ለአዘጋጁ፣ ለሚስትየውና ለመርማሪዋ። በአዳራሹ በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ቆቡ ወለሉ ላይ ነበር፤ እታለም እሱን ላለማየት ወንበሯን አዙራ ተቀመጠች።

«ልትይዢኝ ነው አይደል?» አለች።

«ዝም በይ እታለም። ሰው እንደዚህ መታሰር የሚወድ አይቼ አላውቅም።» መርማሪዋ ከወንበሯ ተነሣች። «ጠላቂው አየር አላጠረውም። አየር ያልሆነ ነገር ነው የተሰጠው። አየር የሚስበው ቱቦ ከምስማሩ ወርዶ የጭሱ ሣጥን ውስጥ ተከቷል። ላስቲኩ በብርድ ተሰነጣጥቋል፤ ውስጡ እስከ ዛሬ ጠዋት እርጥብ ነበር። ማራገቢያው ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ የሣጥኑን ጭስ እየሳበ ቆቡ ውስጥ ሞላው። መብራት ሲጠፋ ቱቦው ተመልሶ ተሰቀለ።»

ጭሱ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ማን አደረገው? ቱቦው የገባው ጭሱ ሄዶ፣ የመጨረሻው ክፍል ሲጀመር ነው። እታለም በቀኝ ነበረች፤ ብትሻገር አዳራሹ ሁሉ ያያታል። ጭሱ መብራቱ ላይ ነበር፤ መብራቱ ለአፍታም አላረፈም። ሚስቱ እቤቷ ከእናቷ ጋር ነበረች።»

«ቀረሁ እኔ ነዋ» አለ አዘጋጁ እየሳቀ። «እኔ ደግሞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።»

«ከኋላዎ ማንም የለም። የኋላው መተላለፊያ በር ከወንበርዎ አንድ እርምጃ ነው። ተነሥተው ቢሄዱ፣ ተመልሰው ቢቀመጡ ማን ያያል? ግን ይሄ ብቻ አይበቃኝም። የከበደኝ ሌላ ነው።» ድምፅዋ ወረደ። «ጠላቂው እየሞተ መሆኑን ተናግሯል። ጓንቱን አውልቋል።»

ሚስትየው ቀስ ብላ ቀና አለች። «አላወለቀም» አለች። «እታለም... አላወለቀም አላልሽኝም?»

እታለም ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«እኔ አይቻለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ጓንቱን ሲያወልቅ አየሁ፤ ባዶ እጁን አየሁ፤ እንዴት ያምራል ብዬ አጨበጨብኩ። ቅድም ቤትሽ ይህን መናገር አቅቶኝ ነው የሸሸሁሽ። አሁን ተናገርኩ። ሌላ ያየ አለ?»

ከዚያ ጭሱ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«አይቻለሁ። ብርሃኑን ያጠበብኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ጋሼ ጠርቶኝ፣ ‹ከነገ ጀምሮ ጓንት ማውለቁ ቴአትሩ ውስጥ ገብቷል፤ ብርሃኑን እጁ ላይ አድርግለት፣ እንዳታቋርጥ› አለኝ። እሱ አለ ብዬ... ከዚያ ሲሞት፣ ተሳስቼ ይሆን፣ ሌላ ነገር ብሎኝ ይሆን ብዬ... ምልክት መሆኑን እያወቅኩ ያየሁ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልናገር? ሰው ሲሞት መብራት አሳመርኩለት ልበል?»

«ለኔም ብሎኛል» አለች እታለም፤ ቃሉ በልቅሶ ውስጥ ነው የወጣው። «‹ሲያወልቅ እንዳትገቢበት፣ ምልክቱን እንቀይራለን› አለኝ። ሁለቴ እግሬን አንሥቼ መለስኩት። አንጀቴ ሂጂ ሂጂ እያለኝ መለስኩት! ቴአትር አበላሸች እንዳልባል ብዬ።»

መርማሪዋ ወደ አዘጋጁ ዞረች። «ምልክቱ መቀየሩን ያልሰማ ጠላቂው ብቻ ነው። ለኔ ደግሞ ‹ከራሱ ያፈለቀው ነው፣ እዚያው መድረክ ላይ› አሉኝ። እዚያው የፈለቀ ነገር ከሆነ ጭሱ ብርሃኑን እንዴት አዘጋጅቶ ጠበቀው? በመሀሉ መንገድ ሮጬ ወጣሁ አሉኝ። በመሀሉ መንገድ የሮጥኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እርስዎ የመጡት ከግራው መጋረጃ ኋላ፣ ከቱቦው ዘንድ ነው። ጣትዎንም ሻይ አላቃጠለውም። በረዶ የሆነ ላስቲክ በባዶ እጅ ከሣጥን ሲወጣ እንደዚያ ያደርጋል።» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? መጀመሪያ የጠረጠርኩዎት በዚህ በአንዱም አይደለም። እነዚህ ሁለቱ አፍረው ዋሹኝ። የጓንቱ ስም ሲነሣ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። እርስዎ ግን ሳልጠይቅዎት አነሡት። የጓንቱን ምልክት ያመጡት እርስዎ ሆነው፣ እንዴት እንዳማረ አወሩልኝ። ያላፈሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

አዘጋጁ ጭሱን አየ፤ እታለምን አየ። «ቅዳሜ... ብያችኋለሁ እንዴ?» አለ። ያስመስል ይሁን ከልቡ ይሁን መርማሪዋ ያኔም በኋላም አልለየችውም። ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጭኑ ላይ አኖረው፤ መደበቁ የደከመው ይመስል ነበር።

«አላፈረም አልሽኝ?» አለ። «በየሳምንቱ እዚያ ኋላ ተቀምጬ የገዛ ልቅሶዬን ሰማሁ። ሰው ሁሉ ሲስቅ አብሬ ሳቅኩ፤ ካልሳቅኩ ያውቁብኛላ። እባክህ አውጣው ብዬ ለመንኩት። ‹ጋሼ፣ ሰው የሚወደው እሱን ነው› አለኝ።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺስ ልጄ? ሳቅሽ?»

«ስቄያለሁ።»

«ብዙ ነገር ይጠፋብኛል» አለ አዘጋጁ። «የቤቴ መንገድ ሳይቀር ይጠፋብኛል። ያ ሳቅ ግን አንድ ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

ፖሊሶቹ መጡ። ሲወስዱት ማንንም አልተሰናበተም፤ የፊቱን ደረጃ ሲወርድ ብቻ እግሩን ሲያዳልጠው ጭሱ ሳያስበው ሊደግፈው ተነሣ፤ መሀል ላይ ቆመና እጁን መለሰ።

መርማሪዋ ለአለቃዋ ደወለች። «አልባሿ ነፃ ናት» አለችው። «ምን አልኩሽ፣ ዛሬ ያልቃል አላልኩም?» አላት፤ ስልኩን ዘጋችበት። እታለም ነፃ መባሏን ሰማች፤ ግን እንደ ተፈታ ሰው አልሆነችም። መርፌ ቁልፎቿን ከደረቷ ነቅላ መዳፏ ላይ ይዛ፣ የት እንደምታደርጋቸው የጠፋት ትመስላለች።

ሚስትየው ካለችበት አልተነቃነቀችም። ያ ጠዋት የላላው ፊቷ ተመልሶ ጠብቋል።

«ተሠቃይቷል ማለት ነው» አለች።

«አዎ» አለች መርማሪዋ።

«ጓንቱን ካወለቀ በኋላ ማንን ነበር የሚያየው?»

ጭሱ አንገቱን ደፋ። እታለምም ደፋች። መርማሪዋ ጭስ ነበር ማለት ትችላለች። መስታወቱ አያሳይም፣ ብርሃኑ ዓይን ይወጋ ነበር ማለት ትችላለች፤ ማን ይጠይቃታል? ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ባዶ ወንበር አየች።

«እኔን» አለች። «ፊት ለፊቱ ነበርኩ። እጁን ወደኔ ነው የዘረጋው። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር።»

ሚስትየው አላለቀሰችም። ብዙ ቆይታ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። መድረኩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ቀብሩ ነገ ነው» አለች። «ሦስታችሁም ትመጣላችሁ። ኋላ አትቆሙም፤ ፊት ነው የምትቆሙት፣ ከኔ ጋር።»

«በምን ዓይኔ?» አለች እታለም በሹክሹክታ። «በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

«እኔ እንጃ። ግን ትመጫለሽ።»

መርማሪዋ «እመጣለሁ» አለች። ቃሉ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከሆነ ከታች፣ ከሩቅ ቦታ ነው የወጣው። ሴትዮዋ ወርዳ፣ አዳራሹን አቋርጣ፣ በሩን ዘግታ እስክትወጣ ድረስም ከሦስቱ አንዱ ቀና ብሎ ሌላውን አላየም።